ስኳሩ ሳይረጋጋ የዕድገት ሆርሞን ምርመራ አይነበብም፦ ለስኳር ሕሙማን ጎልማሶች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

የስኳር ሕመም ያለባቸው ጎልማሶች ሐኪማቸውን ደጋግመው የሚጠይቋቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው «ማታ ስተኛ ደህና የነበረው ስኳሬ ምንም ሳልበላ ጠዋት ለምን ከፍ ብሎ ይገኛል?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ የዕድገት ሆርሞንን አሻራ በደም ውስጥ የሚለካውን አይጂኤፍ-1 የተባለውን ምርመራ አሠርተው ውጤቱ ዝቅ ብሎ ከመጣላቸው ሰዎች የሚሰማ ሲሆን፣ «የዕድገት ሆርሞን አንሶኛል ማለት ነው? መርፌው ይታዘዝልኝ ይሆን?» የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የማይገናኙ ቢመስሉም መነሻቸው በኢንሱሊን፣ በጉበትና የዕድገት ሆርሞንን በሚያወጣው፣ በአንጎል ሥር በሚገኘው ፒቱታሪ እጢ መካከል ያለው ግንኙነት ነው። ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን አጥብቆ ይይዛል፤ ስኳሩ ሳይረጋጋ የተወሰደ የአይጂኤፍ-1 ቁጥር ስለ ፒቱታሪ ከሚናገረው ይልቅ ስለ ኢንሱሊን እጥረት የሚናገረው ይበልጣልና። ከዚህ በታች የተጻፈው ከሐኪም ጋር ለመነጋገር የሚያዘጋጅ እንጂ ሐኪምን የሚተካ አይደለም፤ የመድኃኒት መጠን የሚቀየረውም በሐኪም ብቻ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ሆርሞኑ ከስኳር ጋር ምን አገናኘው?

የዕድገት ሆርሞን ስሙ የልጆች ጉዳይ ብቻ ቢያስመስለውም፣ በጎልማሳ ሰው ውስጥ ሥራው ስብን ማንቀሳቀስ፣ ጡንቻንና አጥንትን መጠበቅ እንዲሁም በጾም ሰዓት ስኳር ከደም እንዳይጠፋ መከላከል ነው። ጉበት ስኳር እንዲለቅ ያደርጋል፣ ስብ እንዲቀልጥ ያዛል፣ ጡንቻም ስኳር እንዳይወስድ ያዘገያል። በሌላ አነጋገር ከኢንሱሊን ጋር በተቃራኒ ይሠራል። ከፒቱታሪ እጢ የሚወጣው ቀኑን ሙሉ በእኩል መጠን ሳይሆን በየተወሰነ ጊዜ ብቅ እያለ ነው፤ ትልቁ ፍሰትም ሰው ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ከገባ ብዙም ሳይቆይ ይመጣል። በደም ውስጥ የሚቆየውም ለአጭር ጊዜ ነው፤ በ20 ደቂቃ ገደማ ግማሹ ይጠፋል። ስለዚህ በአጋጣሚ ሰዓት የተቀዳ የዕድገት ሆርሞን መጠን ዜሮ ቢሆንም ከፍ ቢልም በራሱ ምንም አያረጋግጥም።

በዚህ ምክንያት ሐኪሞች ሆርሞኑን ራሱን ትተው አሻራውን ይለካሉ። ጉበት የዕድገት ሆርሞን ሲደርሰው አይጂኤፍ-1 የተባለ ሌላ ሆርሞን ይሠራል፤ ይህም ከተሸካሚ ፕሮቲኖች ጋር ተጣብቆ ስለሚዘዋወር መጠኑ ከጠዋት እስከ ማታ ብዙም አይለዋወጥም። ከተሸካሚዎቹ ዋናው አይጂኤፍቢፒ-3 ይባላል፣ እሱም የዕድገት ሆርሞንን መጠን ይከተላል። አይጂኤፍቢፒ-1 የተባለው ሌላው ተሸካሚ ግን የሚታዘዘው ለኢንሱሊን ነው፦ ኢንሱሊን ሲያንስ በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል፣ ኢንሱሊን ሲበዛ ይቀንሳል።

የጉዳዩ ቁልፍ ጉበት ላይ ነው። ጉበት የዕድገት ሆርሞንን ትእዛዝ የሚቀበለው በቂ ኢንሱሊን ከቆሽት በቀጥታ በሚያመጣው የደም ሥር ሲደርሰው ነው፤ ኢንሱሊን በሩን ካልከፈተ ሆርሞኑ ቢበዛም ውጭ ቆሞ ይቀራል። በዓይነት 1 የስኳር ሕመም ቆሽት ኢንሱሊን አይሠራም፣ ከቆዳ ሥር የተወጋው ኢንሱሊን ደግሞ ጉበት የሚደርሰው ከመላው የሰውነት ደም ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ አይጂኤፍ-1 ይወርዳል፤ ፒቱታሪውን «በቃህ» የሚለው መልእክት ስለሚቀንስ የዕድገት ሆርሞኑ ይባስ ይጨምራል፤ የጨመረው ሆርሞን ስኳሩን ከፍ ያደርጋል፤ ከፍ ያለው ስኳርም ተጨማሪ ኢንሱሊን ይጠይቃል። አዙሪቱ ይህ ነው፤ የሚሰበረውም በኢንሱሊን በኩል እንጂ በዕድገት ሆርሞን መርፌ አይደለም።

ይህ እውቀት አዲስ አይደለም። አርጀንቲናዊው በርናርዶ ሁሳይ ፒቱታሪያቸው የወጣላቸው ውሾች የስኳር ሕመማቸው እንደሚቀልል አሳይቶ በ1947 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በ1953 ደግሞ ፖልሰን የተባለ የዴንማርክ ሐኪም፣ ከወሊድ በኋላ ፒቱታሪዋ የተጎዳባት የስኳር ሕመምተኛ ሴት የዓይኗ የሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) ጉዳት እየተሻለ መሄዱን ዘገበ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ዓይን ለማዳን ሲባል የሰዎች ፒቱታሪ በቀዶ ሕክምና ይወጣ ነበር። የሌዘር ሕክምና ለዓይን ሲመጣ ያ ከባድ ዘዴ ቀረ፤ ጥሩም ሆነ።

እርምጃ 1፦ የሁለት ሳምንት መዝገብ ይያዙ

ስለ ሆርሞን ከማሰብዎ በፊት የስኳርዎ መልክ በወረቀት ላይ ሊታይ ይገባል። ለሁለት ሳምንት ያህል ከምግብ በፊት፣ ምግብ ከጀመሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ እና ከመኝታ በፊት ይለኩ፤ ስትሪፑ ውድ ከሆነብዎ በየቀኑ ሁሉንም ከመለካት ይልቅ ሰዓቱን እያፈራረቁ ይለኩ፣ ለምሳሌ ሰኞ በቁርስ ዙሪያ፣ ማክሰኞ በእራት ዙሪያ። በመካከሉ ቢያንስ ሦስት ሌሊት ማንቂያ ሞልተው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይለኩ። በውጭ አገር የሚኖሩና ስልካቸው በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር የሚሠራ አንባቢዎች ማንቂያውን ሌሊት 3 ሰዓት (3:00 AM) ላይ ይሙሉት። የዚህ መመሪያ ብዙው ጥቅም ያረፈው በዚህች አንድ ልኬት ላይ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚዘላትም እሷኑ ነው።

ከመለካትዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ብርቱካን ወይም ሙዝ የላጠ ጣት ያልታጠበ እንደሆነ ቁጥሩን በብዙ ከፍ ያደርገዋል። የስትሪፑን የማብቂያ ቀን ይመልከቱ። ደህና የሚባለው መለኪያ እንኳ እስከ 15 በመቶ ሊሳሳት ስለሚችል 120ን ከ132 ለይቶ መጨነቅ ዋጋ የለውም፤ የሚፈለገው ደጋግሞ የሚታይ አዝማሚያ ነው። ከቁጥሩ ጎን የበሉትን፣ የወሰዱትን መድኃኒትና ሰዓቱን ይጻፉ።

ነፍሰ ጡር ላልሆኑ ለብዙ ጎልማሶች የሚመከረው ግብ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ከ180 በታች ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። በውጭ አገር ያሉ አንባቢዎች ቁጥራቸው በሚሊሞል ከሆነ በ18 ያባዙት። የሦስት ወር ስኳር የሚባለው ኤዋንሲ ለብዙዎች ከ7 በመቶ በታች እንዲሆን ይፈለጋል፤ ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ሌላ ከባድ ሕመም ላለባቸው ወይም ስኳራቸው ቶሎ ቶሎ ለሚወርድባቸው ግን 8 በመቶ አካባቢ ተገቢ ሊሆን ይችላል።

ኤዋንሲና መዝገብዎ እንዲመሳከሩ 7 በመቶ ከ154፣ 8 በመቶ ከ183፣ 9 በመቶ ከ212፣ 10 በመቶ ከ240 አማካይ ስኳር ጋር እንደሚቀራረብ ይወቁ። ሁለቱ በብዙ ከተራራቁ ምክንያቱ ይፈለግ። የብረት ማዕድን እጥረት ኤዋንሲን ያለ ስኳር ጭማሪ ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ደም መፍሰስ፣ ደም መውሰድና የቀይ ደም ሕዋስ ቶሎ መሞት ደግሞ ዝቅ ያደርጉታል። የኩላሊት ድካም ያለበት ሰውም ኤዋንሲን ብቻውን አይመን።

እርምጃ 2፦ የሌሊቱን ሦስት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጡ

የመኝታውን፣ የሌሊት 9 ሰዓቱንና የንጋቱን ቁጥር በአንድ መስመር ይጻፉ። ከዚያ በኋላ ከሦስቱ መልኮች አንዱ ይወጣል።

በመጀመሪያው መልክ ቁጥሮቹ ለምሳሌ 140፣ 135፣ 205 ይሆናሉ። ስኳሩ ሌሊቱን ተረጋግቶ አድሮ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ተነሥቷል። የንጋት ክስተት የሚባለው ይህ ነው፣ የዕድገት ሆርሞን ዋና ተዋናይ የሆነበትም እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው እንቅልፍ የወጣው ሆርሞን በኢንሱሊን ላይ የሚያሳድረው ተቃውሞ ወዲያው ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ ይታያል፤ ጤናማ ቆሽት ያለው ሰው ጥቂት ተጨማሪ ኢንሱሊን አውጥቶ ሳያውቀው ያልፈዋል፣ የስኳር ሕመምተኛ ግን ያን ማድረግ አይችልም። ሊነጋጋ ሲል የሚጨምረው ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞንና ማታ የተወጋው ኢንሱሊን ማለቅም ያግዙታል።

ሁለተኛው መልክ 150፣ 56፣ 190 ነው። እዚህ ስኳሩ በሌሊት ወድቋል፤ ሰውነት ለማዳን ስኳር ለቋል፣ ወይም ሰውየው በእንቅልፍ ልቡ ተነሥቶ በልቷል። በላብ ረጥቦ መንቃት፣ ቅዠትና የጠዋት ራስ ምታት ያመለክቱታል። ስኳር በሌሊት ወርዶ ጠዋት ከፍ የሚልበት ሁኔታ ቀደም ሲል ይታሰብ የነበረውን ያህል ብዙ አይደለም፣ ሆኖም ሲያጋጥም አደገኛ ነው፤ የንጋቱን 190 ብቻ አይቶ የማታውን ኢንሱሊን የጨመረ ሰው በሚቀጥለው ሌሊት ራሱን ሊስት ይችላል።

ሦስተኛው 240፣ 230፣ 235 ነው። ይህ የሆርሞን ነገር የለበትም፤ ሌሊቱን ሙሉ ከፍ ብሎ ያደረ ስኳር ነው። ምክንያቱ የዘገየ ወይም የበዛ እራት አለዚያም ያልበቃ መድኃኒት ስለሆነ መፍትሔውም እዚያው ይፈለጋል።

እርምጃ 3፦ ስኳሩን ያረጋጉ፣ ግን በጥድፊያ አይደለም

የንጋት ክስተት ላለበትና ኤንፒኤች የተባለውን በመካከለኛ ፍጥነት የሚሠራ ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ብዙ ጊዜ መጠኑን ከመጨመር ሰዓቱን መቀየር ይበጃል። የኤንፒኤች ኃይል የሚበረታው ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ምሽት 1 ሰዓት ላይ ከእራት ጋር የተወጋ እንደሆነ የሚበረታው ከማታ 5 ሰዓት እስከ ሌሊት 11 ሰዓት ነው፤ ይህም ሰውነት ኢንሱሊንን በደንብ የሚታዘዝበትን እኩለ ሌሊት ስለሚያካትት ለስኳር መውረድ ያጋልጣል፣ ንጋቱ ላይ ደግሞ ይደክማል። ያው መጠን ማታ 4 ሰዓት፣ ከመኝታ በፊት ቢወጋ ግን ኃይሉ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ድረስ ይዘልቃል። ለውጡን ሐኪምዎን አማክረው ካደረጉ በኋላ ሦስት ሌሊት ደግመው በ9 ሰዓት ይለኩ። በኪኒን ብቻ ለሚታከሙ ሰዎች እራትን ቀደም ማድረግ፣ የእንጀራውን መጠን ቀንሶ ሽሮውን ወይም ምስሩን ከፍ ማድረግና ከእራት በኋላ ጥቂት መራመድ የመጀመሪያው ሙከራ ነው።

ስኳርዎ ከ70 በታች ከወረደ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጣፋጭ ለስላሳ ጠጥተው ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ፤ ካልተነሣ ይድገሙ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥ፣ ወደ ሕክምና ይወሰድ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። ኤዋንሲው 11 ወይም 12 የነበረ ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስኳሩ በኃይል ሲወርድ የቆየ የሬቲና ጉዳት ለጊዜው ሊባባስ ይችላል። በ1993 ውጤቱ የታተመው ትልቁ የአሜሪካና የካናዳ የዓይነት 1 ጥናት ይህን አይቶታል፤ ጥብቅ ቁጥጥር በረጅም ጊዜ ዓይንን በእጅጉ እንደሚጠብቅ ያሳየውም ያው ጥናት ነው። ለጊዜያዊው መባባስ ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ኢንሱሊን በበቂ መጠን ሲገባ አይጂኤፍ-1 በፍጥነት መነሣቱ ነው። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የኖረ ስኳርን ለማውረድ ከመነሣትዎ በፊት ብሌንዎ በጠብታ ሰፍቶ ዓይንዎ ይታይ፤ ጉዳት ካለም በምን ፍጥነት እንደሚወርድ የዓይንና የስኳር ሐኪሞችዎ ይስማሙ።

እርምጃ 4፦ ምርመራው በእርግጥ ያስፈልግዎታል?

ለአብዛኛው የስኳር ሕመምተኛ መልሱ አያስፈልግም ነው። አይጂኤፍ-1 የስኳር ቁጥጥርን ለመከታተል የሚያገለግል ምርመራ አይደለም፣ በሁሉም ላብራቶሪ አይሠራም፣ ርካሽም አይደለም። ትርጉም የሚኖረው በሁለት ወገን ነው።

አንደኛው የሆርሞን መብዛት ማለትም አክሮሜጋሊ ሲጠረጠር ነው። የጋብቻ ቀለበት አልገባ ማለት፣ በጎልማሳነት የጫማ ቁጥር መጨመር፣ የጥርሶች መራራቅ፣ የአገጭና የቅንድብ አጥንት መግፋት፣ የበዛ ላብ፣ ከባድ ማንኮራፋት፣ የእጅ መደንዘዝ፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ከዚህም ጋር ክብደት ሳይጨምር የኢንሱሊን ፍላጎት ማሻቀብ አብረው ሲታዩ ሊታለፉ አይገባም። ለውጡ የሚመጣው በዓመታት ስለሆነ ባለቤቱም ቤተሰቡም አያስተውሉትም፤ የድሮ መታወቂያ ፎቶን ከዛሬው መልክ ጋር አስተያይቶ ለሐኪም ማሳየት ከብዙ ገለጻ ይበልጣል።

ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፦ በፒቱታሪው ላይ የበቀለ ዕጢ (ቱመር)፣ ቀዶ ሕክምና፣ ጨረር ወይም ከባድ የራስ ጉዳት የነበረበት ሰው። በአገራችን ተለይቶ ሊታወስ የሚገባው በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ናት። ከዚያ ወዲህ ጡቷ ወተት ካልያዘ፣ የወር አበባዋ ካልተመለሰ፣ ብርድና ድካም ከበረታባት ሺሃን ሲንድሮም የተባለው፣ በወሊድ ደም መፍሰስ የሚመጣው የፒቱታሪ ጉዳት ይጠረጠራል። የስኳር ሕመም ካለባት ደግሞ የሚያስፈልጋት ኢንሱሊን ያለ ምክንያት እየቀነሰ ስኳሯ ደጋግሞ ይወርዳል፤ ሁሳይ በውሾቹ ያየው በሰው ላይ ሲታይ እንዲህ ነው። ቤተሰብ «ስኳሩ እየለቀቃት ነው» ብሎ ሊደሰት ይችላል። በእንዲህ ያለው ሰው ላይ አስቸኳዩ አይጂኤፍ-1 ሳይሆን ኮርቲሶል ነው፤ የኮርቲሶል እጥረት ይገድላል። መጀመሪያ እሱ ይተካል፣ ቀጥሎ የታይሮይድ ሆርሞን ይታያል፣ የዕድገት ሆርሞን ወረፋው መጨረሻ ነው።

እርምጃ 5፦ ትክክለኛውን ጊዜ ይምረጡ

የሚቻል ከሆነ ኤዋንሲው ቢያንስ ለሦስት ወር ያህል ከተረጋጋ በኋላ ይመርመሩ። የአክሮሜጋሊ ምልክት በግልጽ ካለ ግን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ስኳር ባልተረጋጋበት ጊዜም ከፍ ብሎ የመጣ አይጂኤፍ-1 በቁም ነገር ይወሰዳል። የማይታመነው ዝቅ ያለው ነው፤ «መካከለኛ ነው» የተባለውም ቢሆን በተበላሸ ስኳር ውስጥ አክሮሜጋሊን ሙሉ በሙሉ አያስወግድም።

ትኩሳት፣ ኢንፌክሽን ወይም ቀዶ ሕክምና በቅርቡ ከነበረ ይቆዩ። አይጂኤፍ-1 ለምግብ በተለይም ለፕሮቲን ስስ ነው፤ በቂ ኃይልና ፕሮቲን ያላገኘ ሰው ጉበቱ ምርቱን ይቀንሳል። ስለዚህ 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናት በቀን አንድ ጊዜ ጥቂት እየበላ የቆየ፣ ወይም በረመዳን አመጋገቡ የተዛባና ክብደቱ የቀነሰ ሰው ለምርመራው ከጾሙ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ቢያሳልፍ ይሻለዋል፤ ካልቻለም መጾሙን ለሐኪሙ ይንገር። ጥራጥሬ በደንብ እየበላ የሚጾም ሰው ይህን ያህል አይቸገርም።

የሚወስዱትን ሁሉ ይናገሩ። ኤስትሮጅን ያለበት የሚዋጥ የእርግዝና መከላከያ አይጂኤፍ-1ን ዝቅ ያደርጋል። የጉበት በሽታ፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስና የኩላሊት ድካም ውጤቱን ያዛባሉ፤ በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ወደ መጨረሻው ከፍ ይላል። ለአይጂኤፍ-1 ብቻ ጾም መዋል አያስፈልግም፤ ነገር ግን የባዶ ሆድ ስኳር፣ ኤዋንሲ፣ የጉበት ምርመራ፣ አልቡሚን (የደም ፕሮቲን)፣ ክሬቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) እና ቲኤስኤች (የታይሮይድ ምርመራ) በአንድ ጊዜ እንዲቀዱ በጠዋት መሄድ ይመረጣል። እነዚህ አብረው ካልታዩ ቁጥሩ ብቻውን ቀርቶ ለግምት ይዳርጋል።

እርምጃ 6፦ ውጤቱን ያንብቡ

መጀመሪያ የሚታየው ቁጥሩ ሳይሆን ከጎኑ የተጻፈው የዕድሜ ወሰን ነው። አይጂኤፍ-1 በጉርምስና ከፍተኛው ላይ ደርሶ ከዚያ በየዐሥር ዓመቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ ለ25 ዓመት ሰው ዝቅ ያለ የሚባለው ለ65 ዓመት ሰው ደህና ሊሆን ይችላል። ወሰኑ ሳይጻፍ የመጣ ወረቀት ወደ ላብራቶሪው ይመለስ። አንዳንድ ላብራቶሪዎች ዜድ-ስኮር ይጽፋሉ፤ ከ2 ሲቀነስ እስከ 2 ሲደመር ባለው ውስጥ ያለው በዕድሜው ልክ ነው። መለኪያውንም ያስተውሉ፦ በናኖግራም በሚሊሊትር የተጻፈው በ0.131 ሲባዛ ወደ ናኖሞል በሊትር ይለወጣል። የተለያዩ ላብራቶሪዎች መሣሪያቸው ስለሚለያይ ክትትሉ በአንድ ቦታ ቢሆን ይመረጣል።

አሁን አንድ ምሳሌ በቅርበት እንመልከት። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት የ40 ዓመት ሰው ኤዋንሲው 11.5፣ አይጂኤፍ-1ው 62፣ የላብራቶሪው ዝቅተኛ ወሰን 90 ነው እንበል። አይጂኤፍቢፒ-1 ተለክቶ ከሆነ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ የዕድገት ሆርሞኑ በተደጋጋሚ ቢለካ እሱም ከጤናማ ሰው ይበልጣል። ስለዚህ «ዝቅ ያለ አይጂኤፍ-1» ማለት እዚህ ላይ «ዝቅ ያለ የዕድገት ሆርሞን» ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ለዚህ ሰው መርፌ ቢታዘዝለት ቀድሞ በበዛው ላይ መጨመር፣ ስኳሩንም ማባባስ ይሆናል። የሚበጀው ኢንሱሊኑ ተስተካክሎ ኤዋንሲው ወደ 8 አካባቢ ወርዶ ጥቂት ወራት ከቆየ በኋላ ድጋሚ መለካት ነው፤ ቁጥሩ ከተነሣ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል።

ከመጠን ያለፈ ክብደት ያለበትና ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ያለው ሰው ሁኔታ ሌላ ነው። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በደሙ ውስጥ ኢንሱሊን ይበዛል፣ አይጂኤፍቢፒ-1 ይቀንሳል፣ የዕድገት ሆርሞኑ ዝቅ ይላል፤ አይጂኤፍ-1 ግን ብዙ ጊዜ በወሰኑ ውስጥ ይቆያል። ውፍረት በራሱ የዕድገት ሆርሞንን ያዳክማል፣ ክብደት ሲቀንስም ይመለሳል። ይህን እንደ ሆርሞን እጥረት ቆጥሮ ማከም ስሕተት ነው።

ሦስተኛው መልክ ለእኛ አገር ቅርብ ነው። በጎንደርና በጅማ አካባቢ የሠሩ ሐኪሞች ቀጭን፣ ወጣት፣ በአብዛኛው ከገጠር የሚመጡ፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሆኖም የተለመደውን የዓይነት 1 መልክ በትክክል የማይመስሉ ሕሙማንን ለዓመታት ሲገልጹ ቆይተዋል። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር ሕመም በ2025 በዓለም አቀፉ የዲያቤትስ ፌዴሬሽን ዓይነት 5 የሚል እውቅና አግኝቷል። በእንዲህ ያለ ሰው አይጂኤፍ-1 ዝቅ ቢል የመጀመሪያው ተጠያቂ ገበታው ነው፤ አልቡሚኑና ክብደቱ ሳይታዩ ፒቱታሪው አይከሰስ።

ከዕድሜ ወሰኑ በግልጽ ከፍ ያለ ውጤት ግን ከሦስቱም ይለያል። ስኳር፣ ጾምና ጉበት ቁጥሩን የሚገፉት ወደ ታች ስለሆነ፣ እርግዝና በሌለበት ከፍ ብሎ የመጣ ቁጥር ተደግሞ ከተረጋገጠ ወደ ሆርሞን ስፔሻሊስት መሄድ ግድ ነው።

እርምጃ 7፦ ማረጋገጫዎቹ ለስኳር ሕመምተኛ የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ

አክሮሜጋሊ በተለምዶ የሚረጋገጠው 75 ግራም ግሉኮስ አጠጥቶ የዕድገት ሆርሞን ይወርድ እንደሆነ በማየት ነው። ስኳሩ ላልተረጋጋ ሰው ይህ ሁለት ጊዜ ችግር አለበት፦ ስኳሩን የበለጠ ከፍ ያደርጋል፣ ሆርሞኑም ቱመር ሳይኖር እንኳ ሳይወርድ ሊቀር ስለሚችል ያሳስታል። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ በተደጋገመ አይጂኤፍ-1፣ በምልክቶቹና በፒቱታሪ ኤምአርአይ ላይ መመሥረት ይመርጣል። እጥረትን ለማረጋገጥ የሚደረገው ስኳርን ሆን ብሎ በኢንሱሊን የማውረድ ፈተና ደግሞ የልብ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይደረግም፤ በምትኩ የግሉካጎን ፈተና ሊመረጥ ይችላል። ውፍረት የፈተናውን ምላሽ እንደሚያደበዝዝም አይዘንጋ።

እርምጃ 8፦ ሕክምናው ስኳሩን ወዴት እንደሚገፋው አስቀድመው ይወቁ

በእውነተኛ የፒቱታሪ እጥረት የዕድገት ሆርሞን የታዘዘለት የስኳር ሕመምተኛ በትንሹ መጠን ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስኳሩ ሊጨምር ስለሚችል በየቀኑ ይለካል። አዳዲስ የደም ሥሮች የበቀሉበት የሬቲና ጉዳት ወይም ካንሰር ላለበት ሰው አይሰጥም። በአክሮሜጋሊ በኩል በፒቱታሪው ላይ የበቀለው ቱመር በቀዶ ሕክምና ሲወጣ የኢንሱሊን ፍላጎት በቀናት ውስጥ ሊወድቅ ስለሚችል የድሮውን መጠን መቀጠል ያሰጋል። ከመድኃኒቶቹ ፓሲሬዮታይድ ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ ፔግቪሶማንት ደግሞ በተቃራኒው ያሻሽለዋል፣ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ኪኒን ለሚወስድ ሰው ግን ስኳር መውረድን ሊያመጣ ይችላል።

በጂም ቤቶችና በማኅበራዊ ሚዲያ «ጡንቻ ይገነባል፣ ወጣት ያደርጋል» እየተባለ የሚሸጠውን የዕድገት ሆርሞን በተመለከተ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሊያውቅ የሚገባው አንድ ነገር ነው፦ የሚወጋው የራሱን ኢንሱሊን የሚቃወም ሆርሞን ነው፣ በጠርሙሱ ውስጥ ያለውም የተጻፈው መሆኑን የሚያረጋግጥለት የለም።

እርምጃ 9፦ ክትትል

ኤዋንሲ ሕክምና በተቀየረ ቁጥር ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል። ዝቅ ብሎ የነበረ አይጂኤፍ-1 ስኳሩ ተረጋግቶ፣ አመጋገቡ ተስተካክሎና ታይሮይዱ ታይቶ በዚያው ላብራቶሪ አንዴ ይደገም። ከተነሣ ደግሞ ደጋግሞ መለካት ገንዘብ ማባከን ነው። እንደዚያ ሆኖም ካልተነሣ የጠዋት ኮርቲሶልና ሌሎቹ የፒቱታሪ ሆርሞኖች የሚታዩበት ጊዜ ነው፤ ለዚያ ቀጠሮ ሁለቱን የአይጂኤፍ-1 ወረቀቶች ከዕድሜ ወሰናቸው ጋር፣ በተመሳሳይ ቀናት የተወሰዱትን የኤዋንሲ ውጤቶች፣ የሌሊት 9 ሰዓት ልኬቶች ያሉበትን መዝገብና የመድኃኒቶቹን ዝርዝር ከነሰዓታቸው ይዘው ይሂዱ።